ጉርጥ አሻጋሪዋ ክብርት እጩ

ጀርመን አገር ኖሮ የተፈጥሮ ጠባቂው የአረንጓዴ ፓርቲ ፖለቲከኛ ያልገሠጸው ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም ወይ ቆሻሻ አይጥልም። የኛዋ ገሣጭ ክብርት ወይዘሮ ሮስቪታ ክላምፕ ናቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት አጥር ተጋርተናል። እኔ ቋሊማ እሸጣለሁ፤ እሳቸው ሥጋ አይቀምሱም። የቆሻሻ ገንዳዬን ግን ከኔ በላይ ያውቁታል።

«ዲትማር፣ የእርጎ ክዳን ከወረቀት ቆሻሻ ጋር የምትቀላቅለው ዓይንህ ታሞ ነው ወይስ ልብህ?» ይሉኛል በጠዋቱ፣ ክዳኑን በሁለት ጣት አንጠልጥለው።

የከተማው ምክር ቤት ሲገቡ ከፓርቲያቸው ብቻቸውን ነበሩ። ከንቲባው ስለ አዲሱ መንገድ ሁለት ሰዓት ሲደሰኩር እሳቸው ሹራብ ይሠሩ ነበር።

«ለመሆኑ ይሰማሉ?» አላቸው።

«ጆሮዬ ሥራ ፈት ነው፤ የሚሰማ ነገር ካለዎት ይናገሩ» አሉት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መንገዱም በመጨረሻ እሳቸው እንዳሉት፣ ጉርጦች የሚራቡበትን ኩሬ ሳይነካ ዞሮ ተሠራ።

ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት እጩ ለመሆን ሁለቴ ሞክረው ፓርቲያቸው አልመረጣቸውም። ዘንድሮ ስልሳ አራት ሞላቸው፤ የመጨረሻ ዕድላቸው ነበር። የፓርቲው የእጩ ምርጫ በመጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። በመኪናዬ ይዣቸው ወጣሁ። ሌሊቱን ሞቅ ያለ ዝናብ ጥሎ ኖሮ ጉርጦቹ እንደየዓመቱ እንቁላል ሊጥሉ ከጫካው ወጥተው ወደ ኩሬው መንገድ ጀምረዋል። ሰው በባልዲ ካላሻገራቸው መኪና ይጨፈልቃቸዋል።

«አቁም!»

«ሮስቪታ፣ ምርጫሽ!»

«ምክር ቤቱ የትም አይሄድም። ባልዲ ያዝ!»

መቶ አርባ ጉርጥ አሻገርን። አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይተን፣ እሳቸው በጭቃ ተለውሰው፣ እኔ እየተራገምኩ ደረስን። በሩን ብከፍት አዳራሹ ባዶ! በጉርጥ ሰሞን ስብሰባ የጠሩት አረንጓዴዎች ራሳቸው ባልዲ ይዘው በየመንገዱ ቀርተዋል። በሰዓቱ የተገኙት ሰብሳቢውና ጫማው የሚያብረቀርቅ አንድ ተፎካካሪ ብቻ ነበሩ።

ሌሎቹ አባላት እስከ ቀትር ጭቃቸውን እየጎተቱ ገቡ። ባለ ጫማው ስለ መጪው ዘመን ግማሽ ሰዓት ተናገረ። ሮስቪታ ተነሥተው፣ «ሥራዬን ታውቁታላችሁ፤ ካላወቃችሁትም ቀሚሴን እዩ» ብለው ተቀመጡ። በዘጠኝ ድምፅ ብልጫ አሸነፉ።

አጠገቤ የነበረች ወጣት ጭቃ የለበሰ ሱሪዬን አይታ፣ «አባባ፣ እርስዎም የፓርቲያችን አባል ነዎት?» አለችኝ።

«እግዜር ይጠብቀኝ! ዕድሜዬን ሙሉ እናንተን ስቃወም የኖርኩ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል?»

«ጎረቤቴ ናት!» አልኳት፣ አዳራሹ ሁሉ ወደኔ እስኪዞር ጮኼ።