ካንዴላ ነው ያለኝ ሰው

ኮፋኖ የተከፈተበት ሁሉ የሚበቅል መካሪ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ናይሮቢ ያለን ኢትዮጵያውያን በዚህ አንታማም። ወንድሜ ከደርግ ሸሽቶ እዚህ የገባው ቀድሞኝ ነበር። እኔ ስደርስ ሞቶ ጠበቀኝ፤ የቀረኝ አሮጌ ፊያት መኪናው ነው። የእሱን ድምፅ ባልሰማ የሞተሯን ልስማ ብዬ ግቢ ውስጥ መጠገን ጀመርኩ። አልነሳ ብትል አንዱ ባትሪ ነው ይላል፤ ሌላው ቤንዚን ነው ይላል። ማንን ልመን?

ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ጋሽ ሙሉጌታ፣ መኪና ነድተው የማያውቁት፣ ለቅሶ ሊደርሱኝ መጥተው እንደ ዳኛ ፈረዱ። «አንተ፣ ካንዴላ ነው! ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው እሱ ነው። አራት ገዝተህ ና!»

ሄድኩ። ኬንያዊው ባለሱቅ «ካንድል?» አለኝ። አንድ ሁለት ፊደል ምን ያጣላል ብዬ «አዎ» አልኩ። ቤት ደርሼ ወረቀቱን ስፈታው አራት ሻማ ነው።

ጋሽ ሙሉጌታ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ወንድምህ እኮ ይችን መኪና ሁልጊዜ በግፊ ነበር የሚያስነሳት» አሉ።

መካሪዎቹ ሁሉ ተሰልፈው ገፉልኝ። ተነሳች።

እኔ ግን ግራ ገባኝ። «ታዲያ ካንዴላ ነው ለምን አሉኝ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፤ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይመጣም። ምክር ይዤ መጣሁ።»