አሳሽዎን ይቀይሩ

ስልክ ሰው ይሰድባል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም ነበር። አሁን ግን ስልክ እንደሚሳደብ ብቻ ሳይሆን ስድቡን ማን እንዳስተማረውም አውቃለሁ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን ስነግራችሁ ራሱ ጆሮዬ እየጋለ ነው።

ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን። በቅርቡ የልጃችን ክርስትና ደረሰ። የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ባለቤቴ ሰናይት "ዘመድ ወዳጁን እየደወልን እንጥራ" አለችኝ። መደወል? የድረ ገጽ ባለሙያ ባል እያላት? "ተይው፣ የጥሪ ገጽ እሠራለሁ፤ አድራሻውን ብቻ ለሁሉም እንልካለን" አልኳት። "እዚያው መልእክቱ ላይ ጽፈህ ብትልከውስ?" አለች። ማን ይስማት! ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የተባለው ለእኔ ቢጤው ነው።

ገጹ እንደ ሰው ቢሠራ ከቁርስ በፊት ያልቅ ነበር። እኔ ግን መራቀቅ አማረኝ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ጥሬውን አንድ ፋይል ላይ አስቀመጥኩ። በምን መልክ አምሮ እንደሚታይ የሚናገረውን ቅጥ ደግሞ በሌላ ፋይል ጻፍኩ። ሁለቱን አገናኝቶ ገጹን የሚያወጣው እንግዳው ስልክ ላይ ያለው አሳሽ ነው። አሳሽ የምንለው ያን ኢንተርኔት የምንከፍትበትን ፕሮግራም ነው።

ታዲያ ይህን ማገናኘት የሚችል አሳሽ አለ፤ የማይችልም አለ። ገጹ አስቀድሞ መለየት አለበት። በምን ይለያል? ደንበኛው መንገድ ትንሽ ሥራ ሰጥቶ ማየት ነው። አንዲት ቃል ያለችበት ጥሬ ፋይልና አንድ መስመር ቅጥ ትሰጠዋለህ። አገናኝቶ ከመለሰልህ ይችላል፤ ካልመለሰ አይችልም። አለቀ። እኔ ግን ሰነፍኩና ስሙን ጠየቅኩት። የማውቃቸውን ዝነኛ አሳሾች ስም ጻፍኩ፤ ከእነሱ አንዱ የሆነ ይግባ፣ ያልሆነ ይመለስ አልኩ። ድግስ ቤት በር ላይ ቆሞ "የማን ልጅ ነህ?" እያለ እንግዳ የሚመልስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በቃ እሱን ሆንኩ።

ለሚመለሰውም እንዲህ ጻፍኩለት፦ "አሳሽዎ ኋላ ቀር ነው። እባክዎ አሳሽዎን ይቀይሩ።" እባክዎ ስላልኩ ጨዋ የሆንኩ መስሎኛል።

የሰናይት ወላጆች የሚኖሩት መዘዞ ነው። አባቷ ቄስ ናቸው። እናቷ ፊደል የቆጠሩት ካገቡ በኋላ ነው፤ ያስተማሯቸውም ቄሱ። ድሮ ቄሱ ያነቡላቸው ነበር። ዛሬ የቄሱ ዓይን ስለደከመ ተራው የአማቴ ሆኗል። ስልኩ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ቄሱ "እስቲ አስሺው" ይላሉ፤ አማቴም መነጽራቸውን ሰክተው ያስሳሉ፣ ያነባሉ። ይህን ሥራቸውን እንዴት እንደሚወዱት እኮ ብታዩ! ደብዳቤ እንደሚያነብ ጸሐፊ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነው የሚጀምሩት።

አድራሻውን ከላክን በኋላ ሰናይት ለእናቷ ደወለች። "እማዬ፣ ጥሪው ደረሳችሁ?" ስትላቸው "ደርሶናል። እኔ ኋላ ቀሯ ግን ከከተማ ሰው መሃል ምን እሠራለሁ?" አሏት። ሰናይት ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔም አጠገቧ ሆኜ ሳቅኩ።

የክርስትናው ቀን ሳይመጡ ቀሩ። ልጅቷ ክርስትና ስትነሳ ሰናይት ዓይኗን ከቤተ ክርስቲያኑ በር አልነቀለችም። ቤት ስንመለስም ለእነሱ የተተወው ቦታ ባዶውን ዋለ። እንግዳው ሁሉ "የሰናይት ወላጆችስ?" ይለኛል። "መንገድ ላይ ናቸው" እላለሁ። ስልክ ብንደውል አይነሳም። ሰናይት ጓዳ ገብታ፣ ልጇን አቅፋ አለቀሰች።

በማግስቱ ሕፃኗን ይዘን ወደ መዘዞ ሄድን። አማቴ ልጅቷን ተቀብለው አገላብጠው ሳሙ። ለእኔ ግን እጃቸውን ብቻ ዘረጉልኝ። ተቀመጥን። ቄሱ ተናገሩ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር አልገባኝም" አሉኝ። "የእኔ አሳሽ እሷ ናት፤ ሌላ አሳሽ የለኝም። አንተ ኋላ ቀር ናት፣ ቀይራት ብለህ ጻፍክ። ለመሆኑ ቄስ ሚስት ሲቀይር አይተህ ታውቃለህ? ክህነቴን ላፍርስልህ?"

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች። እንደዚያ ያለ አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

"ኧረ አባባ! አሳሽ ማለት እኮ ሰው አይደለም!" አልኩ እየተንተባተብኩ። "ጽሑፉም ቢሆን 'ኋላ ቀር ነው' ነው የሚለው፤ ናት አይልም..."

"በወንድ አንቀጽ የጻፍከውማ እንዳይነቃብህ ነው" አሉ አማቴ።

"እማማ ይሙቱ፣ አሳሽ ስልኩ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ነው!"

"ፕሮግራም ምን እንደሆነ አላውቅም" አሉ፣ የልጅቷን እግር በነጠላቸው እየሸፈኑ። "ኋላ ቀር ግን ምን እንደሆነ አውቃለሁ።"

ምን ይመለሳል? ካፍ ከወጣ አፋፍ። ለእሳቸው ባልለውስ? ለማንስ ቢሆን ምን ልሁን ብዬ ነው እንዲህ ያልኩት?

ስልካቸውን ተቀብዬ አየሁት። ያለበት አሳሽ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ነው። በራሴ ስልክ ወደ ገጹ ፋይል ገባሁና ያን የስም ጥያቄ አጠፋሁ፤ በቦታውም ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን ትንሿን ሙከራ አስገባሁ። ከዚያ በእሳቸው ስልክ ገጹን ከፈትኩት። ተከፈተ! ከነጌጡ፣ አንድም ነገር ሳይጎድለው፣ ከእኔ ስልክ በላይ አምሮ ተከፈተ። ይችል ነበር ማለት ነው። የጠየቀው ስላልነበረ ነው እንጂ ይችል ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ "ይማሩኝ" አልኩ።

አማቴ መነጽራቸውን ሰኩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጥሪውን ለቄሱ ማንበብ ጀመሩ። ቀኑን አነበቡ። የደብሩን ስም አነበቡ። "...አያቶቿ በተገኙበት ክርስትና ትነሳለች" የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መለስ ብለው ደገሙት፤ ይሄኛውን ግን ለራሳቸው፣ ድምፅ ሳያወጡ። ቄሱ ቀና ብለው ጣራ ጣራውን አዩ። ሰናይት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አማቴ መነጽራቸውን አወለቁ። "እግዜር ይማርህ" አሉኝ። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረው "ይነሱ እንጂ፣ ተጠርተናል እኮ" አሉ።

በዚያው ቀን አራታችንም ከሕፃኗ ጋር ሚኒባስ ያዝን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲያለብሰን ሹፌሩ ቀስ አለ። ከፊት የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ ሕፃኗ የማን እንደሆነች አማቴን ጠየቀቻቸው። "የልጄ ልጅ ናት፤ ወደ ክርስትናዋ እየሄድን ነው" አሉ። "መቼ ነው ክርስትናዋ?" አለች። "ትናንት" አሉ አማቴ። ሴትየዋ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ።

"አማቼ ነው" አሉ አማቴ፣ መኪናው ሙሉ እንዲሰማ አድርገው። "የተማረ ነው፤ ኮምፒውተር ያዛል። ሰው መጥራት ግን ገና ነው።"

ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። እኔ "ወራጅ አለ!" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን በዚያ ጉም ወርጄ የት ልሄድ ነው?