ከእኛ በኩል ንጹህ ነው

ጥፋት የሌለበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ፣ አዎ አለ፣ እኔም እዚያው ተቀጥሬ እሠራለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ እመልስለታለሁ። እኛ ለከተማው ኢንተርኔት እናቀርባለን። ደረሰ አልደረሰ የሚለው ጉዳይ የተቀባዩ ነው።

በመቆጣጠሪያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። አለቃችን ጠዋት ሲገቡ ከሰው በፊት ሰላም የሚሉት እሱን ነው። ደንበኛ ደውሎ «ኢንተርኔት የለም» ሲል ቀና ብለው ስክሪኑን ያያሉ፤ ያምኑታል፤ ስክሪኑን ማለቴ ነው። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ «ከእኛ በኩል ንጹህ ነው» ይላሉ። ይህን ከማለታቸው ብዛት «ከእኛ በኩል» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። እርግጥ ከኋላቸው ነው፤ ፊት ለፊትማ «ጋሼ» ነው የምንላቸው።

ከሥራቸው ሁለት ክፍሎች አሉ፤ ላይኛው ክፍልና ታችኛው ክፍል። አንዱ የከተማውን የላይኛውን ግማሽ፣ ሌላው የታችኛውን ይዟል። እያንዳንዱ የራሱ ራውተር አለው፤ ራውተር ማለት የመጣውን መልእክት «አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ» እያለ የሚመራ ማሽን ነው። እያንዳንዱ የራሱ ኃላፊም አለው፤ ኃላፊዎቹም እንዲሁ ይመራሉ። ቅሬታ ሲመጣ ላይኛው «የእኔ አይደለም» ብሎ ወደ ታችኛው ይመራዋል፤ ታችኛውም በአክብሮት ይመልሰዋል። መመላለሱ ማለቂያ እንዳያጣ አለቃችን በጥበብ የተሞላ መመሪያ አውጥተዋል፦ ብዙ የተመላለሰ ቅሬታ እንደ ደከመው ተቆጥሮ «ተፈቷል» ተብሎ ይዘጋል። በዚህ አሠራር ያልተፈታ ቅሬታ ኖሮን አያውቅም።

እንዲህ በሰላም ስንኖር ከድልድዩ ማዶ፣ በላይኛውና በታችኛው ከተማ መካከል፣ አዲስ ሰፈር ተሠራ። አለቃችንም ቤታቸውን ወደዚያ ቀየሩ። በገቡ በሳምንቱ ጠዋት ስልካቸው ጮኸ። አለቃችን ስልክ የሚያነሱት እኛም እንድንማር ድምፁን ከፍተው ነው። የደወለችው ባለቤታቸው ናት፤ «አንቺ በሉኝ፣ አታስረጁኝ» ስለምትለን እንደፈቀደችው እጽፋለሁ።

«ቤት ኢንተርኔት የለም» አለች።

አለቃችን ቀና ብለው አዩ። «ከእኛ በኩል ንጹህ ነው።»

«ኧረ እኔ ነኝ!»

«ማን እንደሆንሽማ አውቄያለሁ። ግን ንጹህ ነው።»

«ታዲያ ቆሻሻው ከእኔ በኩል ነው?»

«ሞደሙን አጥፍተሽ አብሪው።»

«አጥፍቼ አበራሁት። ነቅዬም ሰካሁት።»

«እንግዲያው ዲኤንኤስ ይሆናል።»

«እሱ ደግሞ ማነው?»

ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስም ሲነግሩት ቁጥሩን ፈልጎ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። እኛ ዘንድ ግን ትርፍ ሥራ አለው፤ ጥፋት ተሸካሚ ሲጠፋ እሱ ይሸከማል። ይዞት የነበረው ባልደረባችን ጡረታ ስለወጣ በስብሰባ ላይ ተነስቶ የሚከራከርለት የለም።

«ስማኝ፣ አራት ሰዓት ላይ ቃለ መጠይቅ አለኝ» አለች። ድምጿ ተለወጠ። «በቪዲዮ ነው። ካልገባሁ ቀሪ ነው የሚሉኝ። ረሳኸው?»

አልረሱትም። የምትሠራበት ድርጅት ከተዘጋ ወዲህ ቤት ውላ፣ ያላመለከተችበት ቦታ የለም። መልስ የሰጣት ይህ የመጀመሪያው ነው። የየት እንደሆነ እንኳ «ሲሳካ እነግርሃለሁ» ብላ ለባሏ አልነገረችውም። አለቃችን ግን ሳምንቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ያወሩት ስለዚሁ ነበር፤ ከእሷ ይልቅ የጓጉት እሳቸው ናቸው። ስልኩን ዘግተው ከረባታቸውን ፈታ አደረጉ። እውነቱን ለመናገር አሳዘኑኝ።

«መንገዱን ተከተሉልኝ» አሉ። አንድ መልእክት ወደ ቤታቸው ልከን በየት በየት እንደሚያልፍ በኮምፒውተሬ ላይ አየን። መልእክቱ ወደ ላይኛው ክፍል ራውተር ሄደ። ከላይኛው ወደ ታችኛው። ከታችኛው ወደ ላይኛው። ከላይኛው ወደ ታችኛው። መልእክት ሲፈጠር የተወሰነ ዕድሜ ይሰጠዋል፤ በየማሽኑ ባለፈ ቁጥር ይቀነስለታል። የእኛም ሲመላለስ ዕድሜው አልቆ የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ። አዲሱ ሰፈር በተሠራ ጊዜ ሁለቱም ክፍሎች በየማሽናቸው ላይ «ይህ ሰፈር የእኔ አይደለም፣ ወደ ጎረቤት» ብለው ጽፈው ኖሯል። ማሽኖቹ አሠራራችንን ያለ አንዳች ሥልጠና እንዲህ አጥርተው መያዛቸው ኩራት ቢጤ አሳደረብኝ።

«ታዲያ ስክሪኑ ለምን አረንጓዴ ሆነ?» አሉ አለቃችን፣ እንደ ተከዳ ሰው።

«ጋሼ፣ ስክሪኑ የሚጠይቀው ማሽኖቹን ብቻ ነው» አልኩ። «‹ደኅና ናችሁ?› ሲላቸው ‹ደኅና› ይሉታል።»

ሁለቱ ኃላፊዎች ተጠሩ። ማስተካከሉ የአንድ መስመር ጽሑፍ ሥራ ነው፤ አንዳቸው «ሰፈሩ የእኔ ነው» ብለው ቢጽፉ አለቀ።

«እኔ በደስታ» አሉ የላይኛው። «ግን ዛሬ ካስተካከልኩ እስከ ዛሬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት አይሆንም?»

«የእኔም ስጋት እሱው ነው» አሉ የታችኛው። «ወንድሜ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ እያሉ?»

«እባክዎ፣ ያሳፍሩኛል።»

በር ላይ ተገናኝተው «ቅደም፣ ቅደም» ሲባባሉ ሁለቱም ደጅ የሚቀሩ ሽማግሌዎች መሰሉ። አለቃችን አንዱን ማዘዝ ይችሉ ነበር። አፋቸውንም ከፈቱ። ግን አንዱን «አስተካክል» ማለት «ጥፋቱ ከእኛ በኩል ነው» ማለት ነው፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ከተቋቋመ ጀምሮ በማንም አፍ ተነግሮ አያውቅም። ሰዓታቸውን አዩ፤ ስክሪኑን አዩ። በመጨረሻም ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ እንዲቋቋም ወሰኑ።

ኮሚቴው ሰብሳቢውን በመምረጥ ላይ ሳለ በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ባለቤታቸው ናት፤ ለቃለ መጠይቁ ያዘጋጀችውን ሙሉ ልብስ ለብሳ፣ ላፕቶፗን ታቅፋ፣ ድልድዩን በእግሯ ተሻግራ ላብ በላብ ሆናለች።

«እዚህስ አለ?» አለች።

«እዚህማ አለ» አሉ አለቃችን አቀርቅረው።

«ወንበርህን ልቀቅልኝ።»

ቢሯቸው ገብታ በሩን ዘጋች። እኛ ደጅ ቆመን ጆሯችንን ጣልን። አለቃችን ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጸጥ አሰኙን፤ የሚንቀሳቀሱት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ወፍራም ድምፅ ከላፕቶፑ ውስጥ «ደንበኛ ኢንተርኔት የለኝም ብሎ ሲደውል፣ ባለሙያዎችዎ ግን ችግር የለም ቢሉዎት ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ሲጠይቃት ሰማን።

«ደንበኛው ቤት ሄጄ እቀመጣለሁ» አለች። «እስኪመጣለት ድረስ አልነሳም።»

ያን ጊዜ ነው አለቃችን የማን ቃለ መጠይቅ እንደሆነ የገባቸው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ተፎካካሪያችን የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ ሲፈልግ ከርሟል። ቀጠሯት።

ሥራ በጀመረች በሳምንቱ የአዲሱ መሥሪያ ቤቷ ሠራተኞች መጥተው ቤቷ ድረስ መስመር ዘረጉ። የአለቃችን ቤት ቅሬታ በዚያው ቆመ። አለቃችን ዓይናቸውን በጨው አጥበው «የአዲሱ ሰፈር ቅሬታ ተፈቷል» ብለው ለበላይ አመለከቱ። ጎረቤቶቻቸውም ይህን አይተው አንድ በአንድ ወደ ተፎካካሪው ሄዱ፤ ቅሬታው ከሰፈሩ ድራሹ ጠፋ። የበላይ አካል በውጤቱ እጅግ ተደሰተ። ክፍላችንን በልዩ ሁኔታ አመስግኖ፣ ለድካማችን መታሰቢያ እንዲሆን ሰፊ አዲስ ሕንፃ ሸለመን። ሕንፃው የሚገኘው ከድልድዩ ማዶ ነው፤ ቅሬታውን በፈታንበት ሰፈር።

ዕቃችንን ጭነን ገባን። ስክሪኑን ሰቀልን፤ ከማሽኖቹ ጋር መነጋገር ስላልቻለ በመጨረሻ ያየውን አረንጓዴ ይዞ ቀረ። ኢንተርኔት ግን የለም። ላይኛው ክፍል «ይህ ሕንፃ የእኔ አይደለም» አለ፤ ታችኛውም በአክብሮት ተስማማ። የዚያኑ ቀን ደግሞ «በአዲሱ ሕንፃ ያለ አንዳች እንከን ሥራ ጀምረናል» የሚለው ሪፖርታችን ለበላይ መላክ ነበረበት። በኢንተርኔት ነው የሚላከው።

አለቃችን ኮታቸውን አንስተው «ተከተሉኝ» አሉ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ያልተነጠፈውን መንገድ በጭቃ አቋርጠን፣ ላፕቶፖቻችንን ታቅፈን፣ ኮሚቴው እግር በእግር እየተከተላቸው፣ ቤታቸው ደረስን። የዕረፍት ቀኗ ነበርና በሩን የከፈተችው ባለቤታቸው ናት። ባሏን አየች፤ ከኋላቸው የተሰለፍነውን አየች። ሳንነግራት ገባት።

«ቢሮ ኢንተርኔት የለም» አሉ አለቃችን፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

አንድ በአንድ ጫማችንን ተመለከተች።

«ከእኔ በኩል ንጹህ ነው» አለች። «እግራችሁን ጠርጋችሁ ግቡ።»