መሃል ላይ የቆመችው መርፌ

ያልተጠየቀውን ያልተናገረ ሰው ዋሽቷል ትላላችሁ ወይስ አልዋሸም? ቸኩላችሁ አትመልሱ። እኔ በሰው አገር ስኖር ስለ እውነትና ስለ ውሸት የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ። ጅጅጋ ውስጥ ያገለገለ መኪና ስለ መግዛት ግን አንድም ቦታ አላገኘሁም። ፈላስፎቹ በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ መሰለኝ።

ጅጅጋ ተወልጄ፣ በወጣትነቴ ወጥቼ፣ ሽበቴን ይዤ የተመለስኩት ለአንድ ሰው ስል ነው። ታናሽ እህቴ ሰዓዳ ከቀብሪበያህ ወዲያ ያለችው ሐርተሼክ ከተማ አግብታ፣ ወደ ባሏ ሃይማኖት ገብታ፣ ወልዳ እዚያው ቀርታለች። ኩላሊቷን ታማ ነበር። "ከመጣሽ አይቀር ቶሎ ቶሎ ነይልኝ፤ በስልክማ ዕድሜያችንን ጨረስነው" አለችኝ። ሚኒባሱን ወገቤ አልቻለውም። መኪና ልግዛ አልኩ።

ሰፈራችን ውስጥ ዋርሳሜ የሚባል፣ በጠረፏ ከተማ በቶጎጫሌ በኩል መኪና እያስገባ የሚሸጥ ነጋዴ አለ። ያሳየኝ ነጭ፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ፣ ወንበሯ እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ያለ አሮጊት መኪና ነው። እኔን የማረከችኝ ግን የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ናት። ዳገት ብወጣ፣ በቀትር ብነዳ፣ መሃል ላይ ቀጥ! በዚህ ሁሉ ሐሩርና ጩኸት ውስጥ ልኩን የሚያውቅ ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

እዚህ ሽያጭ ሲያልቅ አንድ ልማድ አለ። ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ተያይዘው "አውፍ" ይባባላሉ። ያየሁትንም ያላየሁትንም ምሬሃለሁ፣ ፈጣሪ ፊትም አላቆምህም እንደማለት ነው። ዋርሳሜ እጄን ይዞ "ኤዶ፣ አውፍ በዪኝ" አለ። ኤዶ አክስቴ ማለቱ ነው። አክስት ተብሎ ማን ይጨክናል? "አውፍ" አልኩ። ዙሪያችን የቆመው ጎረቤት በሙሉ "መብሩክ! እንኳን ደስ ያለሽ!" አለ፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው ጎረቤቴ መምህር ተስፋዬ ደግሞ ከሁሉም ጮክ ብሎ።

ለጥቂት ጊዜ ሐርተሼክ ተመላለስኩባት። ሰዓዳ በሯ ላይ ምንጣፍ አስነጥፋ ትጠብቀኛለች። ገና ሳልወርድ "ሹፌሯ መጣች፣ ገለል በሉ!" እያለች ትስቅብኛለች።

አንድ ጠዋት ባሏ ደወለ። "ሰብለ፣ ሰዓዳ አልፋለች። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እንቀብራታለን።" በእነሱ ዘንድ ሬሳ ዘመድ አይጠብቅም። ሴትም መቃብር ድረስ አትሄድም። እኔ የፈለግሁት ከቤት ሳትወጣ ፊቷን ማየት ነበር። ጊዜ ነበረኝ። መኪናም ነበረኝ።

ቀብሪበያህን እንዳለፍኩ ከፊት እንፋሎት ተግተለተለ፤ ሞተሩ አንዴ አጓርቶ ዝም አለ። መርፌዋን አየኋት። መሃል ላይ ቀጥ ብላለች። መኪናዋ ተቃጥላ እሷ ሰላም ናት።

ወደ ጅጅጋ የሚሄድ የጭነት መኪና ቆመ። ሹፌሩ ውኃ ይዞ ወረደና ገና ሲያያት ሳቀ።

"ይቺ የዋርሳሜዋ አይደለችም? ምነው እናቴ፣ ይቺን ገዛሽ? ሞተሯ መጋሉ እንዳይታይ ሽቦውን ቆርጦ፣ መርፌዋን መሃል ላይ አጣብቆ እኮ ነው ያቆማት። ሁሉ ሰው ያውቃል።"

"ሁሉ ሰው ማን ነው?"

"ሁሉ ሰው ነዋ" አለና ውኃውን ትቶልኝ ሄደ።

ሚኒባስ ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። በመጨረሻ አንዱ ደርቦ ጫነኝ። ስደርስ ወንዶቹ ከመቃብር እየተመለሱ ነበር፤ እጃቸው ላይ አፈር አለ። ምንጣፉ እንደተነጠፈ በሩ ላይ ነበር።

ጅጅጋ ስመለስ ለቅሶ ሊደርሰኝ የመጣውን መምህር ተስፋዬን የመርፌዋን ነገር ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ለካ እሱም እኔ ሳልገዛት በፊት በዚያች መኪና ቶጎጫሌ ሄዶ መንገድ ላይ ገፍቷታል!

"እትዬ ሰብለ፣ እርስዎ መቼ ጠየቁኝ?" አለ። "ደግሞስ የሰው ገበያ እንዴት ይበላሻል?"

ይሄ ነው እንግዲህ ጨዋነታችን። የሻጩን ገበያ እንዳናበላሽ እንጠነቀቃለን፤ የገዢው ነገር ሲበላሽ ደግሞ ለቅሶ እንደርሳለን። ለቅሶ ላይ አንታማም።

ቀጥሎ ዋርሳሜ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። አንደኛው "ሞት ከአላህ ነው፤ መኪና ሰው አይገድልም። አውፍ በዪው" አሉኝ። መኪናዋ ገደለቻት ያለ አልነበረም። እኔ የተወሰደብኝ ፊቷ ነው።

ዋርሳሜ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "ኤዶ፣ ያኔ እኮ ብለሽኛል" አለ። "አሁን ድገሚልኝ ብቻ።"

"ለመኪናዋ ያልኩት ይጽናልህ" አልኩት። "እህቴ ግን በሽያጩ ውስጥ አልነበረችም።"

"በዚህ ዕድሜሽ ቂም ይዘሽ ልትሞቺ ነው?" አሉኝ ሽማግሌው። አዎ፣ ይዤው ልሞት ነው። መኪናዋ ደጄ ላይ ቆማለች፤ መርፌዋም እንደ ጎረቤቶቼ መሃል ላይ ናት። ዋርሳሜን ይቅር አልልም። መምህሩንም አልልም። መብሩክ ያሉትንም አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።