በሰንበቴ ያመለጠችኝ ጸሎት

«ለአገርህ ሳትጸልይ እንጀራ እንዳትቆርስ» ይለኝ ነበር አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና። ትምህርቴ ከፊደልና ከዳዊት አላለፈም፤ ስለ አገር ፍቅርም የተማርኩት ይህችኑ ብቻ ነው። ደግሞ አገርን መውደድ ምን ችግር አለው? እግራችሁ ሥር ናት፤ ታርሷታላችሁ፣ ኋላም ትቀበሩባታላችሁ። ጭንቁ መንግሥትን መውደድ ነው። ምን ያህል እንደወደዳችሁት የሚጽፍ ሰው አለዋ።

ያን ጊዜ እኛ ላስታዎች አንድ ለአምስት ተደራጅተን፣ ማን ከስብሰባ እንደቀረ፣ ማን ስብሰባ ላይ እንዳንቀላፋ ሳይቀር አንዳችን ስለ ሌላችን የምንናገርበት ዘመን ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተሰብስበን፣ ዳቦውም ጠላውም ቀርቦ፣ ቄሳችን ለቀብር ሌላ ደብር ሄደው ኖሮ «ጸሎቱን አንተ አሳርግ» ተባልኩ። ጥግ ላይ ለእርከን ሥራ ሊቀሰቅስ ከወረዳ የመጣ፣ ስሙን እንኳ የማናውቀው ባለጃኬት እንግዳ ተቀምጧል። ተነሣሁ። የማውቀው ጸሎት የአባቴን ነው፤ ምላሴም የለመደችውን መንገድ ይዛ ሄደች፦ «የአገራችንን ዳሯን እሳት፣ መሐሏን ገነት አድርግልን፤ ንጉሣችንንም በዙፋኑ አጽናልን።»

ቤቱ ባንድ አፍ «አሜን» አለ።

አያ ሞገስ፣ ጎረቤቴና የአባቴ ባልንጀራ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ንጉሡ ከወረዱ ይህን ያህል ዘመን፣ አንተ ዛሬ መልሰህ ሾምሃቸው?» አሉኝ። ልስቅ ስል እንግዳው ደብተሩን አውጥቶ ሲጽፍ አየሁ።

ሳምንቱን እንዴት እንደሰነበትኩ አትጠይቁኝ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ ይመስለኛል። ውዳሴ ማርያም ስደግም እንኳ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳልሾም። ባለቤቴ ጋቢዬን አጥባ በሩ አጠገብ ሰቀለችው። ምነው ብላት «እስር ቤት ይበርዳል» አለችኝ።

ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ገብሴን ዘርግቼ እንደቆምኩ አንድ እጅ ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘኝ። ዘወር ብል ባለጃኬቱ። ገብሴን አጠገቤ ለሚሸጡት ለአያ ሞገስ፣ ሚስትና ልጆቼን በልቤ ለእግዜር አደራ ብዬ ተከተልኩት። ከጨው ነጋዴዎቹ ጀርባ ሲደርስ ቆመና ግራ ቀኙን አየ። ፊቱ ከእኔ ይልቅ ገርጥቷል። እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ እንዲህ አለኝ፦

«አባቴ፣ ያን ቀን እኔም አሜን ብያለሁ፤ እባክዎ ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»