«ሲወለድ ወዲያው አለቀሰ?»

የትምህርት ቤታችን መዝጋቢ አንድን ልጅ በእግሩ ስለተወለደ ብቻ «አንቀበልም» ብላ መለሰችው ተብሎ ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ ሲንጫጫ ከረመ። ወሬው እኔ ጋ ሲደርስ ልጁ በእግሩ መወለዱ ቀርቶ እየሄደ ነበር የተወለደው።

እውነቱን ልንገራችሁ። ልጁ የተመለሰው ዕድሜው ስላልደረሰ ነው። አባቱ ሰባት ዓመቱ ነው እያለ ሲምል ልጁ መሀል ገብቶ ጡጦውን ጠየቀ። በእግሩ መወለዱንም ያወራው ራሱ አባትየው ነው። ክፍሏ ውስጥ ተጠየቀ፣ መለሰ፤ ከዚያ ወጥቶ «እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ እኮ!» እያለ ላገኘው ሁሉ ነዛው። ሴትዮዋ ለማንም አልተነፈሰችም። በምን አወቅህ ብትሉኝ፣ ሞክሬያት ነው። እመጣበታለሁ።

ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቅ ተቀጥሮ ሠላሳ የሚጠይቅ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተከፈተም። የውሃ ልትከፍሉ ትሄዳላችሁ፤ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ እናታችሁ ተሽሏቸው እንደሆነ፣ ወንድማችሁ ለምን እስካሁን እንዳላገባ ሳያጣራ ደረሰኝ አይቆርጥም። እነዚህ ግን ተራ ወታደሮች ናቸው። የጦሩ አዛዥ የእኛዋ ክብርት እትዬ አለቀሰ ናት። ትክክለኛ ስሟን ደመወዝ ከፋዩ ሳያውቀው አይቀርም። እኛ የምናውቃት በጥያቄዋ ነው፦ «ሲወለድ ወዲያው አለቀሰ?»

እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒና ጉርድ ፎቶ ቤት ስላለኝ፣ ልጅ ሊያስመዘግብ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ በእኔ በኩል ያልፋል። ሲገባ ደረቱን ነፍቶ፣ ሲወጣ ላቡን እየጠረገ አየዋለሁ። ክፍሏ ከደረጃ ሥር ናት። ጣሪያው ተንጋዶ ስለሚወርድ ረጅም አባት ሲገባ አንገቱን ይደፋል፤ ገና ሳይጠየቅ ጥፋተኛ ይመስላል። እሷ ደግሞ እንደ ሰው ጠረጴዛዋ ኋላ አትቀመጥም። በሩን ትዘጋና ወንበሯን ጎትታ ወላጁ ጎን ዱብ ትላለች። ከጠረጴዛ ማዶ ያለ ሰው ቢከፋ ይመልስሃል፤ ጎንህ የተቀመጠ ሰው ግን ምን እንደሚያደርግህ አይታወቅም።

ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ ብላ ትጀምራለች። ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እሷ እስክሪብቶዋን ታስቀምጥና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወሩን ጨርሶ ነው? ወዲያው አለቀሰ? ጆሮውን ያመው ነበር? ሲተኛ ይባንናል?» ትላለች።

አባቶች እዚህ ላይ ያልቃሉ። አንዱ የከባድ መኪና ሹፌር «እኔ ያኔ መንገድ ላይ ነበርኩ» አላት። «ለእናቱ ደውልላታ» አለችው። ደወለ። እኔ በመስኮቱ ሥር እያለፍኩ ነበር፤ በዚያ መስኮት ሥር ማለፍ ሁለተኛ ሥራዬ ነው።

«ስሚ፣ ልጁ አልቅሷል ወይ እያለች ነው ሴትዮዋ።»

«ማነው የመታው?!»

«ኧረ ማንም አልመታውም! ሲወለድ ነው የምትለው።»

«ያኔማ የት ነበርክና! ዛሬ ነው ማልቀሱ ትዝ ያለህ?»

ሰውዬው ልጁን ሊያስመዘግብ ገብቶ የስድስት ዓመት ውዝፍ ጠብ ተሸክሞ ወጣ።

እናቶች ግን ያውቃሉ፤ ችግሩም ማወቃቸው ነው። አንዷ ከምጧ ጀምራ ወደ አማቷ፣ ከአማቷ ወደ ሠርጓ ስትሻገር ተሰልፎ የሚጠብቀው ሁሉ ምሳ ሰዓት ደረሰበት። የሌሎቹ መልስ ደግሞ አንድ ነው፦ «ምንም ሆኖ አያውቅም።» በእነሱ አፍ ከሄድን የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ጉንፋንን በስም እንኳን አያውቁትም። ከጎናችን ያለው ክሊኒክ በማን ሳል ሁለተኛ ፎቅ እንደጨመረ እግዜር ይወቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ተረት የምናውቀው ለጎረቤት ነው።

እትዬ አለቀሰ አትሳሳትም እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ወዲያው አላለቀሰም የተባለን ልጅ ሁሉ «ፊት ይቀመጥልኝ» እያለች አስተማሪዎቹን ቁም ስቅል ታሳያለች። አንዱን ቀውላላ ፊት አስቀምጣው ከኋላው ያሉት ልጆች ሰሌዳ ሳያዩ ከረሙ። የልጁ ጆሮም ዓይንም ኋላ ሲጣራ የድመት ሆኖ ተገኘ። «መጠርጠር ምን ይጎዳል?» አለች። ሰሌዳ ያላዩትን ማንም አልጠየቃቸውም።

አሁን ወደ ሙከራዬ። ያደግኩት እናቴ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ከሚሰለፉ ሴቶች እግር ሥር ነው። ፊደል ሳልቆጥር ማን ከማን እንደተኳረፈ ጠንቅቄ እቆጥር ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የመንደሩ ምጥና ትኩሳት ሁሉ በአንዲት ሴትዮ ሆድ ውስጥ ተቆልፎ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት። የተራበ ሰው ዳቦ ቤት መስታወት ላይ አፍንጫውን እንደሚለጥፈው ማለት ነው። ኮፒ ባደረስኩላት ቁጥር ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ።

«እትዬ፣ ያ የፋርማሲው ልጅ የሰባት ወር ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«ሻይ ትጠጣለህ?»

«መንታ ነበር ብለው ደግሞ ያወራሉ።»

«ስኳር ስንት ላድርግልህ?»

ዓመታት ጠጣሁ። ከዚያ ክፍል ይዤ የወጣሁት ስኳር ብቻ ነው።

ነገሩ ቤቴ ድረስ የገባው ታናሽ እህቴ ልጇን ልታስመዘግብ የሄደች ዕለት ነው። ልጅቷ የሚጥል በሽታ አለባት። ይህን የምናውቀው እናቴ፣ እህቴና እኔ ብቻ ነበርን። እኔ እንኳን አፌን ይዤዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምስጢር እንዴት ይገለጻል! ዛሬ የምጽፈውም ራሷ እህቴ «ጻፈው» ስላለችኝ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ በነበረችበት መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ፊት ወድቃ፣ በማግስቱ አጠገቧ የሚቀመጥ ልጅ ጠፍቶ ነበር። እዚህ እንዳይደገም ብላ እህቴ «ትኩሳት እንኳን ነክቷት አያውቅም» ማለትን መስታወት ፊት ተለማምዳ ሄደች።

ልምምዱ ሠርቶላት ልጅቷ ተመዝግባ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ሴትዮዋ ልጅቷን ትክ ብላ አየቻትና፣ «አንዳንዴ ስትጠሪያት ዓይኗ አንድ ቦታ ቀርቶ ዝም ትልሻለች?» አለቻት።

እህቴ ብድግ አለች። «እትዬ፣ ልጄን ያመጣኋት ለትምህርት ነው፤ ለምርመራ አይደለም!»

ልጅቷን እየጎተተች ሱቄ ገባች። አትቀመጥም፤ ከበሩ እስከ ማሽኑ ትመላለሳለች።

«አውቃለች። ነገ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ማን አጠገቧ ይቀመጣል? ንገረኛ፣ ማን?»

«ቆይ፣ እኔ ልክ አስገባታለሁ» አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮፒ ሊያስደርግ ለመጣ ሁሉ ወረቀቱን ከአንድ ቀልድ ጋር መስጠት ጀመርኩ። «ልጁ ፈተና የሚቀመጠው በሒሳብ ነው ወይስ በምጥ?» «ቀጥሎ ደግሞ አዋላጇን ይዛችሁ ኑ ትላለች!» ሰው ሳቀ፤ ሲስቅ ተናደደ። የብረታ ብረት ሱቅ ያለው፣ ዳቦ ሲገዛ እንኳን «መብቴ ነው» ስለሚል «መብቴ» ያልነው ሰውዬ ነገሩን ተሸከመው። ዳይሬክተሩን አስጨንቆ የወላጆች ስብሰባ አስጠራ።

ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በሽታዋ ተነስቶባት ወደቀች።

መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ስደርስ የእትዬ አለቀሰ በር ተዘግቷል፤ አስተማሪዎች ውጭ አንገታቸውን አስግገዋል። በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች።

«ቁርስ ሳትበላ መጥታ ዞሮባት ነው። እናንተ ክፍል የላችሁም እንዴ? ሂዱ እንጂ! አንተ ግባ፣ አጎቷ አይደለህ?»

ልጅቷ ወለሉ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ ራሷ ሥር የሴትዮዋ ሻርፕ አለ። ሴትዮዋ በባዶ እግሯ አጠገቧ ዘፍ ብላለች። ስልኳን ሰጠችኝ።

«ለእናቷ ደውልላት፤ እኔ ቁጥሩ አልታየኝ ብሏል። ቀስ ብለህ ንገራት፣ ስትሮጥ መኪና እንዳይገጫት።»

እህቴ ደርሳ ልጇ ላይ ተደፋች። ሴትዮዋ «ብዬሽ ነበር» አላለችም። «ያን ቀን ተቆጥተሽ ስትነሺ ነው ጥርጣሬዬ የጠናው» አለቻት። «ከዚያ ወዲህ ደረጃው ጋ ስትጫወት በሬን ከፍቼ ነው የምሠራው። ዛሬ ደርሼ ጭንቅላቷን ያዝኩት። ሁልጊዜ ይህን ያህል ነው የሚቆይባት?»

እህቴ መናገር ጀመረች። ከመወለዷ ጀምራ፣ ሳትጠየቅ፣ ሁሉንም።

ያን ምሽት መብቴ ጋ ሄጄ «ይቅርብን እባክህ» አልኩት። «አንተ ደግሞ! ራስህ ለኩሰህ?» አለኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መብቴ ተነስቶ ቀልዶቼን አንድ ሳያስቀር ተናገራቸው፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ። በራሴ ቀልድ ወንበር እሾህ ሲሆንብኝ የመጀመሪያዬ ነበር። እህቴ ጎኔ ተቀምጣ የቦርሳዋን ማሰሪያ ታላምጠዋለች። ከዚያ አንዲት እናት ተነሳች። እሷ አልቀለደችም። «የነገርኩት ነገር ነገ በልጄ ላይ ቅጽል ስም ሆኖ ቢመጣ ማን ይመልስልኛል?» አለች። ሳቁ ቆመ። እውነቷን ነው፤ ቅጽል ስም እንዴት እንደሚወጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዳይሬክተሩ ጨነቀው። «እስቲ እትዬ፣ ይህን በመጠየቅሽ የተጠቀመ ልጅ ካለ አንድ ጥሪልን። አንድ ብቻ።»

እህቴ እጄን ጨመቀችው።

እኔ ብሆን የልጅቷን ስም፣ የእናቷን ስም፣ የአጎቷን ሱቅ አድራሻ ጨምሬ አዳራሹን በእንባ አራጭ ነበር፤ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ዝም ማለት የሚችል ሰው ከናቴ ፀጉር ቤት አልወጣም። እትዬ አለቀሰ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አየች። ዓይኗ በእህቴ ላይ ሲያልፍ በባዶ ወንበር ላይ እንዳለፈ አለፈ።

«የለኝም» አለች።

ያቺን ሴትዮ የወደድኳት እዚያ ላይ ነው። ከእንግዲህ ብትጠይቀኝ የመጀመሪያ ጥርሴን ያበቀልኩበትን ቀን ሳይቀር እናቴን ጠይቄ አመጣላታለሁ።

ጥያቄው ይቅር የምትሉ እጅ አውጡ ተባለ። የእጁ ብዛት ጫካ ነበር። እህቴ እጄን አለቅም ስላለች እሷም እኔም አላወጣንም፤ ይሁን እንጂ ቆመንም አልተናገርንም። «ተወስኗል፤ ከነገ ጀምሮ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ ብቻ» አለ ዳይሬክተሩ። ሰው መነሳት፣ ቦርሳ መሰብሰብ፣ ወንበር መጎተት ጀመረ። መብቴ ይጨባበጣል።

እትዬ አለቀሰ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ ክፍሏ ውስጥ እንደምታወራው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እሺ፣ አልጠይቅም» አለች። «ሳልጠይቃችሁ ግን ትነግሩኛላችሁ?»

ወንበር የሚጎትተው ሁሉ መጎተቱን አቆመ።