የወንድም ኤዶሳ ቀጋ

ተጠራጣሪ ወንድም የሌለበት ቤተ ክርስቲያን የለም። ባሕር ማዶ ላለችው ለቡርንስቪል ከተማ ቤተ ክርስቲያን ግን አብዝቶ ተሰጥቷል፤ ክቡር ወንድም ኤዶሳ አለ። እንቁላል ሲገዛ ካርቶኑን ከፍቶ አንድ በአንድ ያገላብጣል። ጂፒኤስ ብርቅ በነበረበት በዚያ ሰሞን መሣሪያው "ወደ ቀኝ ታጠፍ" ባለው ቁጥር ማደያ ቆሞ ሰው ይጠይቅ ነበር። "እስቲ ገልብጠን እንየው" ይላል፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው።

ባለቤቱ ሰገነት ሁሉንም ችላ ኖራለች። በመስከረም ግን ከአፓርታማቸው ጀርባ ያለው እሾሃም ቁጥቋጦ ቀይ ፍሬ አንዠረገገ። ልጅ ሆና ከአጥር እየለቀመች የበላችው ቀጋ መሰላት። ወዲያው ለጸሎት ቡድኗ ሴቶች ደወለች፤ ቅዳሜ ለቅመው ማርማላታ ሊሠሩ ተቀጣጠሩ።

ኤዶሳ ቅጠሉን ገለበጠው። የቀጋ ቅጠል በአንድ ዘንግ ላይ ትንንሽ ሆኖ ይደረደራል፤ ይኼኛው ለየብቻው ሰፋ ያለ ነው፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ። የቀጋ እሾህ ቆልማማ ነው፣ በአውራ ጣት ሲገፉት ይነቀላል፤ ይኼኛው እንደ ወስፌ ረዥም፣ ከእንጨቱ የወጣ። ፍሬውን ቢከፍተው የቀጋ ጸጉር የለውም፤ ትንሽ ፖም ነው የሚመስለው፣ ውስጡ ጥቂት ጠጣር ዘር።

"ቀጋ አይደለም፤ የቅዳሜውን ካንስል አድርጊው" አላት። "ሔዋንም እንዲህ ነው የጀመራት።"

"እህቶቼ ፊት እንዳታዋርደኝ" አለች።

ቅርንጫፉን ይዛ በሰፈራቸው ወዳለው ፓርክ ሠራተኛ ሄደች። ሰውየው አገላብጦ አይቶ ሃውቶርን የሚሉት ተክል ነው፣ የዚሁ አገር በቀል ነው፣ ፍሬው ይበላል፣ ዘሩን ግን ትፉት አላት። ኤዶሳ ይህን ሲሰማ ይባስ ተጠራጠረ። ሰውየው ምን ጥቅም ቢያገኝ ነው እንዲህ በትህትና የሚያስረዳው?

ቅዳሜ ጠዋት ሰገነት ከመኝታ ቤት ስትወጣ ባሏ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሶፋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። መሐረብ ሲያወጣ ከኪሱ ጠጣር ዘሮች ምንጣፉ ላይ ተበተኑ።

"በላኸው እንዴ?"

"ትናንት ማታ። አንቺ ከመቅመስሽ በፊት አንድ ሰው ማየት ነበረበት።"

ሰገነት ዘሮቹን ከምንጣፉ ለቀመች። "ሆድህስ?"

"እስካሁን ዝም ብሏል። እሱንም ቢሆን አላምነውም።"

ሳቋን ዋጥ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሴቶቹ በር እስኪያንኳኩ ድረስም ሆዱን አብራው ጠበቀች።